የስፖርት መኪና ጎማ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስፖርት መኪና ያለው ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ጭስ ማውጫው ድምፅና ስለ ፍሬኑ ቀለም ሲያወራ ያመሻል። ጎማ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ግን «ቁጥሩ ይግጠም እንጂ የተገኘው ይሁን» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ሞተሩ የሚገፋውም፣ ፍሬኑ የሚይዘውም፣ መሪው የሚያዘውም መሬት የሚደርሰው በጎማው በኩል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የኔም አድልዎ አለበት፣ አልደብቀውም።

የስፖርት ጎማ ከተራው በምን ይለያል? ስሙ ነው ወይስ እውነት ልዩነት አለው?

አለው፣ ያውም ብዙ። ዋናው ላስቲኩ ነው። ተራ ጎማ ብዙ ኪሎሜትር እንዲሄድና ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ይቀመማል። የስፖርት ጎማ ደግሞ አስፋልቱን እንዲነክስ ነው የሚቀመመው። ላስቲኩ ለስለስ ይላል፣ በአስፋልቱ ጥቃቅን ሸካራዎች ውስጥ ይገባል፣ ሲለጠጥና ሲመለስ ጉልበት ይበላና ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ይህ ባሕርይ ነው መታጠፊያ ላይ የሚይዛችሁ፣ ቶሎ የሚያልቅበትም ነዳጅ የሚጨምርበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእርጥብ መንገድ እንዲይዝ ደግሞ ሲሊካ ይጨመርበታል።

ከላስቲኩ ስር የብረት ሽቦ ቀበቶ አለ። በላዩ የናይሎን ወይም የአራሚድ ክር ይጠመጠማል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ጎማው እንዳይለጠጥና ቅርጹን እንዳይስት ነው። ጎኑም ጠንከር ስለሚል መሪውን ስታዞሩ ጎማው ሳይወላውል ይታዘዛል። ጥርሱን ደግሞ እዩት፤ በውጪው በኩል ትልልቅና ድፍን ብሎኮች ናቸው፣ ስትታጠፉ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ።

ታዲያ ይህ ሁሉ በነጻ አይመጣም። ቶሎ ያልቃል፣ ይጮኻል፣ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ያስቆጥራችኋል።

ስንት ዓይነት አለ? ለኔ የሚሆነው የቱ ነው?

በግርድፉ አራት ናቸው።

ኦል ሲዝን የስፖርት ጎማ አለ። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ዲደብልዩኤስ 06 ፕላስ እዚህ ይመደባሉ። ብርዱንም ዝናቡንም ሳይመርጡ ዓመቱን ሙሉ አንድ መኪና ለሚነዱ ሰዎች ነው። ከሱ ከፍ ሲል ማክስ ፐርፎርማንስ ሰመር የሚባለው ይመጣል፤ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ፣ ኮንቲኔንታል ስፖርትኮንታክት 7፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ ስፖርት፣ ፒሬሊ ፒ ዜሮ፣ ጉድይር ኢግል ኤፍ1 የመሳሰሉት። ሦስተኛው ኤክስትሪም ፐርፎርማንስ ነው፣ ጎኑ ላይ ከሚጻፈው 200 የሚል የትሬድዌር (የማለቅ ደረጃ) ቁጥር ተነስተው ልጆቹ «ሁለት መቶ» ብለው የሚጠሩት። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71 አርኤስ፣ ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እና ሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 ከዚህ ወገን ናቸው። የመጨረሻው ዋና ሥራው ትራክ ላይ ሆኖ መንገድም ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት ነው፣ ለምሳሌ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 እና ፒሬሊ ፒ ዜሮ ትሮፌዮ።

እኔ ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ነው የምለው። ለምን? ምክንያቱም መንገድ ላይ ጎማ የሚፈተነው በደረቅ መታጠፊያ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጎማው ገና ሳይሞቅ፣ ዝናብ ባልታሰበ ሰዓት ሲወርድ፣ ፊት ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው የሚፈተነው። የማክስ ፐርፎርማንስ ጎማ ገና ቀዝቃዛ ሆኖም ይሠራል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ሊለቅ ሲልም አስቀድሞ ይነግራችኋል። «ሁለት መቶ»ዎቹ ደረቅ ላይና ሞቅ ሲሉ በግልጽ ይበልጣሉ፣ አልክድም። ግን ከፋብሪካ ሲወጡም ጥርሳቸው አጠር ያለ ነው፣ ስለዚህ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። የካፕ 2 ዓይነቱ ደግሞ ሳይሞቅ ጸባዩ ሌላ ነው። ፖርሽ 911 ጂቲ3ን የመሰለ መኪና ከፋብሪካው ካፕ 2 ተገጥሞለት ሊመጣ ይችላል፣ መኪናውን ገዝታችሁ ለመዝናኛ ብቻ የምትነዱት ከሆነ ወደ ማክስ ፐርፎርማንስ መውረድ ውርደት አይደለም።

አስፋልቱን አብዝቶ የሚይዝ ጎማ ሁሌ ይሻላል ማለት ነው?

እዚህ ላይ ቶዮታ 86 የሚባለውን ቀላል የስፖርት መኪና ማንሳት ያስፈልጋል። መኪናው በ2012 ገበያ ላይ ሲወጣ በብዙ አገር የተገጠመለት ጎማ 215/45 አር 17 ሚሽሊን ፕራይማሲ ኤችፒ ነበር፤ ነዳጅ ቆጣቢው ቶዮታ ፕሪየስ ላይም የሚገኝ የረጋ ጎማ። ቆጥበው አይደለም። መሐንዲሶቹ መኪናው በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲጫወት፣ ኋላው ትንሽ እንዲለቅና ሹፌሩ እንዲማርበት ፈልገው ነው። ብዙ ሰው ወዲያው አውጥቶ የሚነክስ ጎማ ገጠመለት፤ መኪናው በእርግጥ ፈጠነ፣ ጨዋታው ግን በዚያው ልክ ቀነሰ።

ቀላል መኪና በትንሽ ጉልበት የምትነዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። ጎማው አብዝቶ ሲይዝ ገደቡ ይርቃል፣ እዚያ የምትደርሱትም በከፍተኛ ፍጥነት ይሆናል፤ ሲለቅ ደግሞ የሚለቀው በዚያው ፍጥነት ላይ ነው። አራት መቶና አምስት መቶ ፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ግን ይህ ጨዋታ አይሠራም። እዚያ ላይ ጥሩ ጎማ ግዴታ ነው።

በብርድስ? የሰመር ጎማ ዓመቱን ሙሉ መንዳት ይቻላል?

የሚወሰነው በምትነዱበት የሙቀት መጠን ነው። መለያ መስመሩ ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው ይባላል። ከዚያ በታች የሰመር ላስቲክ እየደረቀ ይሄዳል፣ የሚነክስበት ልስላሴ ይጠፋዋል። ከዜሮ በታች ከሆነማ አንዳንዱ ላስቲክ እንደ ሸክላ ይሆናል፤ በዚያ ብርድ ተነድቶ ወይም ተንቀሳቅሶ ጥርሱ ሊሰነጠቅ እንደሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። «ሁለት መቶ»ዎቹና የትራክ ጎማዎቹ በዚህ የባሱ ናቸው።

በረዶ የሚወርድበት ቦታ የምትነዱ ከሆነ መልሱ ሁለት ስብስብ ጎማ ነው፦ ሰመርና ዊንተር፣ ቢቻል እያንዳንዱ በራሱ ቸርኬ ላይ። ብርዱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኦል ሲዝን የስፖርት ጎማ ይበቃል። ዝናብ ብቻ ከሆነና ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ የማይወርድ ከሆነ ግን ሰመር ጎማ በዝናብ አይታማም፤ ሞቃት ዝናብ ላይ እንዲያውም ከኦል ሲዝኑ አጠር ባለ ርቀት ያቆማል። «ሰመር» የሚለውን ሰምተው ለደረቅ መንገድ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዴት ልነበው?

245/40 ዜድአር 18 97 ዋይ የሚል እንውሰድ። 245 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 40 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው፣ ማለትም 98 ሚሊሜትር። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 97 የመሸከም ቁጥር ነው፣ አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ዋይ የፍጥነት ደረጃ ነው፣ እስከ 300 ኪሎሜትር በሰዓት። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ነው። ዋይ በቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ደግሞ ከ300 በላይ ማለት ነው።

«እኔ 300 አልነዳም፣ ኤች ይበቃኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ጎማ ሙቀት እንዲችልና ጎኑ እንዲጠነክር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ መኪናውም ሲስተካከል በዚያ ታስቦ ነው። የመኪናው መመሪያ ከሚለው በታች አትውረዱ። የመሸከም ቁጥሩም እንደዚያው፣ 97 የሚልን በ91 መተካት ከ730 ወደ 615 ኪሎ መውረድ ነው፤ በአራት ጎማ አባዙትና እዩት።

ትሬድዌር የሚለውን ቁጥር ምን ያህል ልመነው?

ግማሽ በግማሽ። ቁጥሩ የአሜሪካ መንግሥት ከሚያስገድደው የደረጃ አሰጣጥ የመጣ ነው። ጎማው በሕዝብ መንገድ ላይ 7,200 ማይል፣ ወደ 11,600 ኪሎሜትር ገደማ ይነዳና ምን ያህል እንዳለቀ ከመነሻ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። መነሻው 100 ነው፤ 300 ያለው በዚያ ሙከራ ሦስት እጥፍ ይቆያል እንደማለት ነው። ችግሩ፣ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው። ካገኘው ዝቅ አድርጎ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 340 ጋር ማወዳደር ብዙ አያስኬድም፤ በአንድ ኩባንያ ምርቶች መካከል ግን ይጠቅማል።

«200» የምትለዋ ቁጥር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። የአሜሪካ አማተር ውድድሮች የመንገድ መኪና ምድብ ላይ «ከ200 በታች አይገባም» የሚል ደንብ ስላለ፣ አምራቾቹ በተቻለ መጠን የሚነክስ ላስቲክ ይሠሩና 200 ብለው ይጽፉበታል። ሁለት «200» ጎማዎች ታዲያ አንዱ ለሁለት ወቅት ሌላው ለጥቂት ወራት ቢቆይ አትደነቁ። ሃንኩክ አርኤስ4 በመቆየት ይታወቃል፣ ዮኮሃማ ኤ052 ደግሞ ቶሎ ሞቆ በመንከስና ቶሎ በማለቅ።

አጠገቡ ያለው ድርብ ኤ የሚል ፊደል ደግሞ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥታ ሲቆም የተለካ ነው። መታጠፍን አይመለከትም፣ ደረቅ መንገድንም አይመለከትም።

አውሮፓ ውስጥ ጎማ ላይ የሚለጠፈው የደረጃ ምልክት (ሌብል)ስ?

ከ2021 ግንቦት ጀምሮ የታደሰው ሌብል እርጥብ ላይ መያዝንና ነዳጅ ቁጠባን ከኤ እስከ ኢ ያስቀምጣል፣ ድምፁንም በዴሲቤል ይነግራችኋል። ለስፖርት ጎማ የምታዩት የእርጥቡን ፊደል ነው፤ ኤ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ጠይቁ። ደረቅ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ መሪ ላይ ምን እንደሚሰማ፣ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ሌብሉ አይነግራችሁም። ነዳጁ ላይ ሲ ወይም ዲ ብታዩ አትገረሙ፣ የስፖርት ጎማ ጸባይ ነው።

ሰፋ ያለ ጎማ ወይም ትልቅ ቸርኬ ባስገባ መኪናው ይሻሻላል?

አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ግን የሚሻሻለው ፎቶው ነው።

ሰፊ ጎማ ደረቅ ላይ ይጠቅማል፣ በተለይ ለጉልበተኛ መኪና። ግን ቸርኬውም አብሮ መስፋት አለበት። 245/40 አር 18 ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ካጠበቃችሁ ጎኑ ይቆለመማል፣ መሪው ይፈዛል፣ ከጠባቡ የባሰ ይሆናል። ሰፊ ጎማ የተጠራቀመ ውሃ ላይም ቶሎ ይንሳፈፋል፣ የሚያስወጣው ውሃ ይበዛበታልና። ክብደቱም አለ። የጎማና የቸርኬ ክብደት ከአሞርዛተሩ በታች ስለሆነ፣ ሲጨምር መኪናው ወጣ ገባ መንገድን መከተል ያቅተዋል፣ ለመነሳትም ለመቆምም ይከብደዋል።

ቸርኬ ስትቀይሩ ጠቅላላው ዲያሜትር እንዳይዛባ አስሉ። 225/45 አር 17 ዲያሜትሩ 634 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 225/40 አር 18 ወደ 637 ይመጣል፤ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ጥሩ ነው። 235/40 አር 18 ብታደርጉት 645 ይሆናል፣ ወደ 1.7 በመቶ። የፍጥነት መለኪያው በዚያው ልክ ይሳሳታል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ከውስጥ እንዳይነካም ማየት ያስፈልጋል።

የኔ ምክር፣ የፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) የሚፈቅደውን ትንሹን ቸርኬ ይዛችሁ በተረፈው ገንዘብ የተሻለ ጎማ ግዙ። 20 ኢንች ቸርኬ ላይ ርካሽ ጎማ የጫነ የስፖርት መኪና ሳይ ያናድደኛል።

ኮከብ፣ ኤን0፣ ኤምኦ የሚሉት ምልክቶች ምንድን ናቸው? የግድ እነሱን ነው የምገዛው?

መኪና አምራቹ ያጸደቀው ጎማ ማለት ነው። ኤን0፣ ኤን1 እያለ የሚሄደው የፖርሽ ነው፣ ኮከቡ የቢኤምደብልዩ፣ ኤምኦ የመርሴዲስ፣ ኤኦ የኦዲ። ጎማው ላይ የተጻፈው ስም አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል፣ ላስቲኩም የጎኑ ጥንካሬም። ስለዚህ አንድ ኤን0 ያለው ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ እና ምልክት የሌለው ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ አንድ ጎማ አይደሉም፣ ባንድ መኪና ላይ አትቀላቅሏቸው።

የግድ ነው ወይ? ፖርሽ ላይ፣ በተለይ ሞተሩ ከኋላ ባለበት፣ እኔ ምልክቱን እከተላለሁ። ሌላው ላይ አዲስ ትውልድ የሆነ ጥሩ ጎማ፣ አራቱም አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ ከአሮጌው የጸደቀ ጎማ ሊበልጥ ይችላል። ዋስትና ላይ ያለ መኪና ከሆነ ግን መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ።

ራንፍላቱን አውጥቼ ተራውን ልግጠም?

ራንፍላት ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ነው፤ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ በ80 ኪሎሜትር ፍጥነት 80 ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳል። ዋጋው ክብደትና ድርቅና ነው። ቢኤምደብልዩ ብዙ መኪኖቹን በራንፍላት ሲያወጣ ኤም3ንና ኤም4ን ግን ያለ ራንፍላት ነው የሚያወጣው፤ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በሌላ በኩል ሸቭሮሌት ኮርቬትን በራንፍላት አስተካክሎ አውጥቶት አሪፍ ይሄዳል። ስለዚህ ራንፍላት ሁሉ መጥፎ አይደለም።

ከቀየራችሁ ስኮርታ እንደሌላችሁ አትርሱ። ራንፍላት ይዞ የወጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ስኮርታ ማስቀመጫም የለውም። የመሙያ ፓምፕና የመድፈኛ ፈሳሽ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይኑር፣ የጎኑ ቅዳጅ ላይ ግን ፈሳሹ አይሠራም።

ሁለቱ ብቻ አለቁ። ሁለት ብቻ ልግዛ?

ይቻላል፣ በሥርዓት ከሆነ። የኋላ ጎማው ከፊቱ የሰፋ መኪና ላይ ፊትና ኋላ መለዋወጥ ስለማይቻልና ኋላዎቹ ቀድመው ስለሚያልቁ የተለመደ ነገር ነው። ግን ኩባንያውም ሞዴሉም ያው ይሁን። ፊት «ሁለት መቶ» ኋላ ተራ ጎማ ያለው መኪና መታጠፊያ ላይ ኋላውን ወርውሮ ያዞራችኋል፣ ያውም ዝናብ ላይ ሳትጠብቁት። አራቱም እኩል መጠን ከሆኑ ደግሞ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። «ፊት ነው መሪ ያለው፣ ፊት ይሁን» የሚል ጎሚስታ ያጋጥማችኋል፤ በትህትና እምቢ በሉ። ፊት ሲለቅ መኪናው ቀጥ ይላል፣ ትቀንሱታላችሁ። ኋላ ሲለቅ ግን አብዛኛው ሰው መመለስ አይችልም።

በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ካላችሁ ጥንቃቄው ይበዛል። ያለቀና አዲስ ጎማ ዲያሜትራቸው ስለሚለያይ አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ዲፈረንሻሉና የማከፋፈያው ክላች ያለማቋረጥ ይሠራሉ፣ ይሞቃሉ። ስንት ሚሊሜትር ልዩነት እንደሚፈቀድ መመሪያው ላይ አለ። አንዳንዶቹ በጣም ጥብቅ ናቸው።

ንፋስ ስንት ልሙላ?

የበሩ ማዕዘን ላይ ወይም የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ነው፣ መሙያው አይደለም። መለካት ያለበት ጎማው ቀዝቅዞ ነው፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲቀንስ የንፋሱ ግፊት በ1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይወርዳል፣ ስለዚህ ወቅት ሲቀየር አለመለካት ማለት ጎማውን ሳትቀይሩ መኪናውን መቀየር ነው። በተነዳ ጎማ ላይ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይሆናል።

ናይትሮጅን ልሙላ ወይ? የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ገንዘባችሁን ለጥሩ መለኪያ አውሉት።

አዲስ ጎማ ገጥሜ ወዲያው ልጫነው?

ቆይ። ጎማው ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የተቀባው ነገር ገጹ ላይ ይቀራል፣ ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ረጋ ብላችሁ ንዱ፣ ዝናብ ካለ ደግሞ የበለጠ። አዲስ ጎማ ሙሉ ጥርስ ስላለው ብሎኮቹ ይወላወላሉ፣ መሪው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ለስላሳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጎማው መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ግን አርጅቷል ይሉኛል። ምን ልስማ?

ስሟቸው። የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ይቆማል እንጂ አይነዳም፣ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይሞታል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ካላገኛችሁት በውስጥ በኩል እዩ።

ሚሽሊን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከ10 ዓመት በላይ ደግሞ ምንም ቢመስል እንዲቀየር ይመክራል። ለተራ መኪና ይሁን። ለጉልበተኛ መኪና እኔ 6 ዓመት ላይ አቆማለሁ። ተዋናዩ ፖል ዎከር በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. የሞተበትን የፖርሽ ካሬራ ጂቲ አደጋ የመረመሩት ሰዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ መሆኑን ገልጸው፣ ጎማዎቹ 9 ዓመት የሞላቸው እንደነበሩና ይህም የመኪናውን አያያዝ ሊጎዳ እንደሚችል አብረው ጠቅሰዋል። ያ መኪና ከ600 በላይ ፈረስ ጉልበት አለው፣ ኤሌክትሮኒክ የመረጋጊያ ሥርዓትም የለውም። ጋራዥ ውስጥ በንጽህና የተቀመጠ መኪና ጎማው ጥቁርና ሙሉ ሆኖ ማየት ያታልላል።

ጥርሱን በተመለከተ በብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊሜትር ይላል። የስፖርት ሰመር ጎማ ሲወጣ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ 3 ላይ ሲደርስ ዝናብ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ዝናብ በሚዘንብበት የምትነዱ ከሆነ ሕጉ እስኪያዛችሁ አትጠብቁ።

ያገለገለ ጎማ መግዛትስ?

አይ። ማን ጉድጓድ ላይ እንደጣለው፣ ንፋስ ሳይኖረው ስንት እንደነዳው ከውጪ አይታይም።

ምስማር ወጋኝ፣ ይጠገናል?

መሃል ጥርሱ ላይ ከሆነና ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር ካልበለጠ ብዙውን ጊዜ ይጠገናል፤ ግን ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ውስጡ ታይቶ፣ ከውስጥ በኩል ተለጥፎና ቀዳዳው ተሞልቶ ነው። ከውጪ ገመድ ጠቅጥቆ መሸኘት ቤት እስክትደርሱ ነው። ጎኑ ወይም ትከሻው ከተወጋ ግን አበቃ፣ ልመናም አይሠራም። ንፋስ ሳይኖረው የተነዳ ጎማም እንደዚያው፣ ውስጡ የላስቲክ ብናኝ ካለ ጎኑ ተጎድቷል።

የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ለምን ያልቃል?

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቋቋም ልክ። የስፖርት መኪና ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ጋደል እንዲል ተደርጎ ይስተካከላል፣ መታጠፊያ ላይ እንዲይዝ። ይህ ካምበር ይባላል፣ ብቻውን ያን ያህል አይበላም። ቶ የሚባለው፣ ማለትም ጎማዎቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ማዞራቸው፣ ሲዛባ ነው ጎማው እየተፋቀ የሚሄደው። ሁለቱ ሲደመሩ የውስጠኛው ጠርዝ ሽቦ እስኪወጣ ይበላና ከውጪ ስታዩት ጎማው ገና አዲስ ይመስላችኋል። መሪውን ሙሉ አዙራችሁ ውስጡን እዩ። አዲስ ጎማ ገጥሞ አላይመንት አለማስለካት ገንዘብ መበተን ነው።

በዚሁ ጎማ ትራክ ላይ መውጣት እችላለሁ?

በማክስ ፐርፎርማንስ ጎማ አልፎ አልፎ መውጣት ይቻላል፣ ለጀማሪም ጥሩ ነው፤ ሲለቅ ይጮኻል፣ ትሰሙታላችሁ። ጥቂት ዙር ከነዳችሁ በኋላ ግን ይሞቅና መንሸራተት ይጀምራል፣ ያኔ ቀንሱና አቀዝቅዙት፤ ገፍታችሁ ከቀጠላችሁ የውጪው ብሎክ ይላጣል። ንፋሱ በሙቀት ስለሚጨምር በየመሃሉ ለኩት። ያስተነፈሳችሁትን ደግሞ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ሙሉት፣ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ትራክ ላይ አዘውትራችሁ ከወጣችሁ ያን ጊዜ «ሁለት መቶ»ውን በሌላ ቸርኬ ላይ ያዙ።

ጎሚስታው ገጥሞ ሲጨርስ ምን ልይ?

ጎማው ጎን ላይ «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍ በአራቱም በውጪ በኩል መሆን አለበት። ቀስት ካለ ወደ ፊት መዞሪያው ያመልክት፤ ጥርሱ በቪ ቅርጽ የተቀረጸ ጎማ ተገልብጦ ሲገጠም ውሃ ማስወጣት ይዳከማል። አራቱ ላይ ያለውን የምርት ሳምንት አነጻጽሩ፣ ሁለቱ ዘንድሮ ሁለቱ የዛሬ ሦስት ዓመት ከሆኑ ሳትከፍሉ በፊት ተናገሩ። ብሎኖቹ በመፍቻ ማሽን ብቻ ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) መመሪያው በሚለው ልክ ይጥበቁ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላም መልሳችሁ አስለኩ።